መምህሩ የቆመበት ቦታ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ አስፋልቱ ዳር በጎኑ እንደተጋደመ ነበር። ካፖርት ጣል አድርገውበታል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳ፣ ጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ እንኳ የለም።

ሰውየውን ታውቀዋለች። አደገኛ መኪና እንዴት እንደሚቆም፣ ፖሊሱ የት መቆም እንዳለበት፣ ሽጉጥ መቼ እንደሚመዘዝና መቼ እንደማይመዘዝ ለጀማሪዎች የሚያስተምረው እሱ ስለነበር ጣቢያው በሙሉ «መምህሩ» ይለዋል። ካፖርቱን ገለጥ አደረገች። ጥይቷ በጀርባው ገብታ እዚያው ቀርታለች። የሽጉጡ ማኅደር እንደተቆለፈ ነው።

«ምን ሆነ?» አለች ባልደረባውን።

ባልደረባው ከቁመቱ የተነሳ «ቀውላላው» የሚሉት ወጣት ፖሊስ ነው። እንደተሸመደደ ትምህርት ተናገረ። «ፓትሮሉን የነዳሁት እኔ ነኝ። ግራጫ ፒካፕ አስቆምን። መምህሩ ወደ ሹፌሩ ሄደ፤ እኔ በቀኝ በኩል ከፒካፑ ኋላ ቆምኩ። የሆነ ነገር ሊነግረኝ ወደኔ ዞር ሲል ሹፌሩ ከጀርባው ተኮሰበትና ተፈተለከ። መኪናውን ተከትዬ ሮጥኩ። ስመለስ... አልፏል።»

የወጣቱን ሽጉጥ ተቀብላ አየች። ጥይቱ ሙሉ ነው፤ አልተተኮሰበትም።

የጣቢያው አለቃ ከአጠገባቸው ይንጎራደዳል፤ የቁመቱን ማነስ በድምፁ የሚያካክስ ሰው ነው። «ሬዲዮውን ሰምቼ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሬ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ሹፌሩም ተይዟል። ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር፤ መዝገቡን ቶሎ ዝጊው።»

«በማን መኪና መጡ?»

«በዚያ ሰዓት ማን ልብ ይላል!»

መርማሪዋ በሬዲዮ ለመነጋገር ፓትሮሉ ውስጥ ገብታ የሹፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ድንክ የምትባል ዓይነት ሴት ናት፤ በሰው መኪና ስትገባ ሁልጊዜ ወንበር መጎተት አለባት። አሁን ግን እግሯ ሳትንጠራራ ፔዳሉ ላይ አረፈ። ወንበሩን ሳትነካው ወረደች።

የፒካፑ ሹፌር የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊመታው የመጣ እየመሰለው እስር ቤቱ ጥግ ኩርምት ብሏል።

«መሣሪያ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ። የምጭነው ጎመን ነው» አለ። «ሟቹ ደግ ሰው ነበር። እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ መንጃ ፈቃድህ የት ነው አለኝ። ኪሴ ውስጥ ነው ስለው፣ ቀስ ብለህ አውጣው አለ። እጄን ስሰድ ከኋላ ‹መሣሪያ!› የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ወዲያው ተኩስ! ሰውየው የመኪናዬ በር ላይ ተደገፈብኝ። ነድቼ ጠፋሁ እንጂ ቆሜ ማን ተኮሰ ልበል?»

«ረጅሙ ፖሊስ የት ነበር?»

«በቀኝ መስታወቴ አየዋለሁ። እጁ ባዶ ነበር።»

«በግራውስ?»

«በግራው የማየው ፀሐይ ብቻ ነበር።»

ፒካፑን ግቢ ውስጥ አገኘችው፤ አቧራ ለብሷል። ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ የመዳፍ አሻራ አለ። በሹፌሩ በር ላይ ደግሞ የአሥር ጣቶች መስመር ከመስኮቱ እስከ ታች ተንሸራቶ ወርዷል።

በነጋታው የሟቹ ቤት ሄደች። ያሳደገችውን ታላቅ እህቱን ብቻዋን ዕቃ ስትሰበስብ አገኘቻት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ወንበር ግን ክፍሉን ሞልቶታል።

«እንግዳ ይበዛበት ነበር፣ እትዬ?»

«የምን እንግዳ! ወንበሮቹ መኪና ናቸው እኮ» አለች እህትየው። «እሁድ እሁድ ስመጣ ሹፌር አድርጎ ያስቀምጠኛል። ሚስት አግባ ስለው ወንበር ገዛ።» ሳቅ አለችና ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ።

«እስኪ እንዴት እንደሚያደርግ ያሳዩኝ።»

እህትየው መርማሪዋን አስቀምጣ ከኋላ መጣች። በግራ እጇ የወንበሩን ጀርባ ነካች። ከትከሻዋ ትንሽ ወደ ኋላ ቆመችና ዓይኗን መርማሪዋ እጅ ላይ ተከለች። «እዚህ ጋ ይቆማል። ለሹፌር ጀርባህን አትስጥ፣ ስትመለስም ፊትህን ሳታዞር ተመለስ ይላል። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ ከባልደረባህ ጀርባ ሆነህ ሽጉጥ አትምዘዝ። ይህችን ሲናገር ይቆጣ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አለቃውን፣ ቀውላላውን፣ ሹፌሩንና እህትየውን ጣቢያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ፒካፑን ከፊት፣ ፓትሮሉን ከኋላ አቁማለች።

«መምህሩ መኪናውን በመዳፉ ነክቶ፣ እንደሚያስተምረው እዚህ ቆመ» አለች። «ቀውላላው፣ ‹ወደኔ ዞረ› ብለሃል። የዞረ ሰው ግን በአሥር ጣቱ በሩን አይይዝም። ፊቱ ወደ ሹፌሩ ነበር፤ ጥይቷ በጀርባው ገባች። ስለዚህ የተኮሰው ሹፌሩ አይደለም።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያ ይሄ ልጅ ነዋ!»

«እሱ በቀኝ ነበር፤ ሽጉጡም አልተተኮሰበትም። ጥይቷ የመጣችው ከዚህ ነው።» ሄዳ ከፓትሮሉ የሹፌር በር አጠገብ ቆመች። «‹ፓትሮሉን እኔ ነዳሁ› ይላል። እስኪ ግባ፣ ቀውላላው።»

ወጣቱ ገባ፤ ጉልበቱ ከመሪው ተጋጭቶ በሩን መዝጋት አቃተው።

«ከትላንት ወዲህ ወንበሩን የነካ የለም፤ ፓትሮሉን ወደዚህ የነዳሁትም እኔው ነኝ። የነዳው እንደኔ አጭር ሰው ነው። በማን መኪና እንደመጣ የማያስታውስ አጭር ሰው። አለቃ፣ ሽጉጥዎን ይስጡኝ። ጥይቷ ላብራቶሪ ናት፤ ከማን አፈሙዝ እንደወጣች ትናገራለች።»

የአለቃው እጅ ወገቡ ጋ ደርሶ ቆመ።

«እሱ ነው!» አለ ቀውላላው፤ ድምፁ ተሰበረ። «ፍተሻ ልይ ብሎ አብሮን ወጣ። ሹፌሩ እጁን ኪሱ ሲከት ከመምህሩ ኋላ ሆኖ ተኮሰ። ከተናገርክ አብረን ነው የምንታሰረው አለኝ።»

«መሣሪያ መሰለኝ» አለ አለቃው። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «ቢሮ ከገባሁ ወዲህ ልምምድ አልወጣሁም። መሰለኝ...»

«መሰለኝ ማለት ስሕተት ነው» አለች መርማሪዋ። «ንጹሕ ሰው ማሳሰር ግን ስሕተት አይባልም።»

ሽጉጡን ተቀበለችው። ፖሊሶች ሁለቱን ሲወስዷቸው እህትየው ቀውላላውን እጅጌውን ያዘችው።

«ልጄ፣ መኪናውን ተከትለህ ስትሮጥ፣ እሱ ብቻውን ነው የሞተው?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «አልሮጥኩም፣ እትዬ። ያም ውሸት ነው። ጭንቅላቱን ታፋዬ ላይ አድርጌ እጁን ይዤው ነበር።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ታዲያ ይህን ማወቅ እንዴት ትከለክለኛለህ!» አለችና በጥፊ መታችው። ወዲያው ያንኑ ጉንጩን በመዳፏ ያዘችው፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀችውም።

ግቢው ጭር ሲል የተፈታው ሹፌር የፒካፑን በር ከፈተ። «እትዬ፣ መንገዴ ነው። ላድርስዎት?»

እህትየው ገባች። መርማሪዋ ሊነሱ ሲሉ ቆማ አየቻቸው። ቤቷ ማንም እንደማይጠብቃት ትዝ አላት፤ ትላንትም ከትላንት ወዲያም አልጠበቃትም ነበር። ሞተሩ ሲነሳ መስኮቱን አንኳኳች።

«ለእኔስ ቦታ አለ?»

እህትየው ወደ ውስጥ ጠጋ አለችላት።