የሌላ ሰው ምስጋና

ሰው ተሰድቦ ሲያፍር አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሀፍሷ ያፈረችው ግን ተጨብጭቦላት ነው፤ ያውም ቀበሌ አዳራሽ፣ ሰፈር ምድሩ በተሰበሰበበት።

ጊዜው ሚሌኒየሙን አክብረን ድካሙ ሳይለቀን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ አሠራሬን ልለውጥ ብሎ ቢፒአር ቢፒአር የሚልበት ነበር። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በየጊዜው አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ይደረደራሉ፤ ነዋሪው እየተነሣ ያሻውን ያመሰግናል፣ ያሻውን ያብጠለጥላል። ከዚያ ሠራተኛው በተራው ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል። ግለ ሂስ ይባላል። አብዛኛው ሰው «አንዳንዴ አረፍዳለሁ» ብሎ ቁጭ ይላል፤ ማን ሞኝ አለ፣ የልቡን አውጥቶ የሚናገር።

ሀፍሷ መሳለሚያ አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ወላጆቿ ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን መርካቶ ተወልዳ፣ መርካቶ አድጋ፣ የአባት የእናቷን ቋንቋ ሰላምታውን እንኳን አጣርታ አትመልስም። አባቷ ሱቅ፣ እናቷ ሱቅ፤ ከሠፈር ልጅ ጋር በአማርኛ እየተላፋች አደገች። በዚህ ታፍራለች። «ይገባኛል እኮ፣ መናገሩ ነው የሚያቅተኝ» ትላለች ስትጠየቅ። አይገባትም።

በዚያ ዓመት ረመዳን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ተረኛ ሆና ሳለ የዒድ ጫማ አማራት። አብራት የነበረችው ሲስተር እታለም ናት፤ ዕድሜዋ የገፋ፣ ፊቷ ለፈገግታ የማይፈታ፣ ድምፅዋ ኮሪደር ሙሉ ሰው የሚያስደነግጥ ሴት። ሀፍሷ አፍታ ደርሼ ልምጣ ስትላት እታለም ቀና ሳትል በእጇ ሸኘቻት። በቃ፣ ጋዋኗን ሰቅላ ወደ መርካቶው ዱባይ ተራ በረረች።

የዒድ ሰሞን ዱባይ ተራ ገብቶ ቶሎ የወጣ ሰው ካለ ያሳዩኝ። አንዱን ጫማ ስታነሣ፣ አንዱን ስትጥል፣ ከባለሱቁ ጋር ስትከራከር አፍታው ረዘመ። ስትመለስ ከሩቁ ጩኸት ሰማች። ሮጣ ገባች፣ ጫማውን አንድ ጥግ ወተፈች፣ ጋዋኗን እየጎተተች ስትወጣ አንድ ወጣት ፊቷ ቆሟል።

ሙህዲን ይባላል። እሱም የዱባይ ተራ ነጋዴ ነው። እናቱ እትዬ ሐጀራ ስኳር አለባቸው፤ አይጹሙ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው ጾመው፣ ስኳራቸው ወርዶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወደቁ። እሱ ዕቃ ሊያወርድ ሄዶ ስለነበር ጎረቤቶች ተሸክመው አመጧቸው። ሲደርስ ነቅተው፣ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። ማን እንደረዳቸው ሲጠይቃቸው ያሉት ይህን ነው፦ ሲስተሯ በስልጥኛ እያባበለች ከሞት መለሰችኝ፣ የኛ ልጅ ናት።

ሙህዲን ወጥቶ የኛን ልጅ ፈለገ። ሻርፕ ያሰረች፣ ላብ ያጠመቃት፣ ትንፋሽ ያጠራት ነርስ አየ።

«ሲስተር፣ አላህ ይስጥልኝ» አላት።

«ሥራችን ነው» አለች፤ ለማንም የምትለውን። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያመሰግናት አላወቀችም። ዓይኑን ግን አየች፤ እንባ ያቀረረ ትልቅ ዓይን። ሲሄድ ዞር ብሎ አያት፤ እሷም ዞራ ስታየው ተገናኙና ሁለቱም ደነገጡ።

የሆነውን ነገር ያወቀችው አመሻሹ ላይ ነው። የረዳቻቸው እታለም ናት። እታለም ገና ተመርቃ ስትወጣ የተመደበችው ስልጤ አገር ነበር፤ ወጣትነቷን እዚያ ገጠር ጨርሳ፣ ቋንቋውን እንደ አገሬው ትናገራለች። ያን ቀን በአንድ በኩል የምጥ ሴት፣ በሌላ በኩል እትዬ ሐጀራን ይዛ ብቻዋን ስትራወጥ፣ ወረፋው ሲጮህባት፣ እሷም ጮኸችባቸው። ሀፍሷ ይቅርታ ልትጠይቃት ጀምራ ነበር። እታለም ግን እጇን እየታጠበች፣ አንቺ ልጅ ሂጂ አፍጥሪ አለቻት።

ከዒድ በኋላ የሕዝቡ መድረክ ተጠራ። መጀመሪያ አንድ አዛውንት ነጋዴ ተነሡና ጣታቸውን እታለም ላይ ቀሰሩ።

«ወረፋችን መቼ ነው ብንላት ‘ለሁለት ልሰንጠቅላችሁ?’ ብላ አምባረቀችብን። የመንግሥት ደሞዝ እየበላች! በሽተኛ ናት ወይስ ሐኪም?»

አዳራሹ ሳቀ፣ አጉረመረመ። ሌላውም ሌላውም ተነሣባት። እታለም ጉልበቷን እያየች ተቀምጣለች። ለምን ለሁለት መሰንጠቅ እንዳስፈለጋት ከሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሀፍሷ።

ያኔ ሙህዲን እጁን አወጣ። እናቱ እንዴት እንደወደቁ፣ አንዲት ጾመኛ ነርስ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ እንዴት እንደታገለችላቸው ተናገረ። አፈር ይብላኝ፣ የሚጥም አንደበት ነበረው። «እንደ አንዳንዶቹ ሕዝብ አታሳቅቅም» ሲል እታለምን በዓይኑ ገረፍ አደረጋት። ከዚያ ጠያይቆ ያወቀውን የሀፍሷን ስም ጠራ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

መነሣት ነበረባት። አሁን ተነሺ አለች ለራሷ፤ አልተነሣችም። ጭብጨባው ጣፈጣት ብል ሐሜት አይሁንብኝ፤ ከጭብጨባው ይልቅ ግን የሱ አያየት ነው ያሰራት። እንደዚያ አድርጎ ያያት ሰው አልነበረም። እውነቱን ብትናገር ያ አያየት እዚያው ይጠፋል። ነገ ለኃላፊው ለአቶ ጓንጉል ለብቻው እነግረዋለሁ ብላ ተጽናናች። ግለ ሂሷ ሲደርስ «አንዳንዴ አረፍዳለሁ» ብላ ተቀመጠች።

እሷ ብርድ ልብስ ተሸለመች። እታለም ከሕዝብ እንዳትገናኝ ተብሎ ዕቃ መቀቀያ ክፍል ተመደበች፤ ቀኑን ሙሉ መቀስና መርፌ ስትቀቅል ትውላለች። ያ ነገ የተባለው ቀን አልመጣም።

የመጣው ሙህዲን ነው። መጀመሪያ የእናቱን መድኃኒት አሳቦ፣ ከዚያ የራሱን ራስ ምታት፣ በኋላ ሰበቡ አልቆበት ዝም ብሎ መጣ። ከሥራ ስትወጣ እስከ ታክሲው ይሸኛታል። አንዳንዴ መሳለሚያ ጭማቂ ቤት ይቀመጣሉ። እሱ በስልጥኛ ይቀልዳል፤ እሷ እሱ ሲስቅ አይታ ትስቃለች። በአማርኛ ስትመልስለት መርካቶ ያበላሻት ልጅ እያለ ይተርባታል፤ ለእናቱ የተናገረችው ቋንቋ ለሱ ሲሆን ያሳፈራት ይመስለዋል። ያሳፈራት ሌላ ነው።

አንድ ቀን ብርጭቆውን እያዞረ፣

«የወደድኩልሽን ልንገርሽ?» አላት። «ሰው ሳያይሽ ደግ ነሽ። እኔ ብሆን ያን ቀን የሠራሁትን ለአገር አወራው ነበር። አንቺ አንድ ቀን እንኳን አንሥተሽው አታውቂም።»

በዓይኑ እየሳቀ ይጠብቃታል። ንገሪው፣ አሁን ንገሪው። ዓይኗን ሰበረች። እሱ ትሕትና መሰለውና ይበልጥ ወደዳት። ምን ዓይነት መከራ ነው? ባፈረች ቁጥር ፍቅሩ ይጨምራል።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥታ ከረመች። በመጨረሻ ዕቃ መቀቀያው ክፍል ገብታ፣ በእንፋሎቱ መሀል እታለም ፊት ቆመች። እነግረዋለሁ፣ ለሁሉም እናገራለሁ አለች እያለቀሰች።

«ጮኼባቸዋለሁ» አለች እታለም መቀሶቹን እየለቀመች። «እሱ ውሸት አይደለም። ሰው ታሞ መጥቶ ጮኼበታለሁ፣ የሚገባኝን ነው ያሰሙኝ። የቀረው ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔን ምክንያት አድርገሽ እንዳትነግሪው፣ እኔን ምክንያት አድርገሽም እንዳትደብቂው።»

ሀፍሷ ወጥታ መደበቋን ቀጠለች። ምን ላድርጋት፣ ፈራች። ሙህዲን ሽማግሌ ሊልክ ነው።

ከሽማግሌው በፊት ግን እናቱ ሊያዩዋት ፈለጉ። ያን ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ድምፅዋን ብቻ ስለሰሙ ፊቷን አያውቁትም። ስኳራቸውን ለመለካት በሚል፣ ነጭ ነጠላ ጣል አድርገው፣ ከሙህዲን ጋር ወደ ሕክምና ክፍሉ ገቡ። ሀፍሷን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እጇን ይዘው ሳሙትና በስልጥኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ከዚያ ጠበቁ።

ሀፍሷ ፈገግ አለች። ደግመው ተናገሩ፤ ጥያቄ መሆኑን ከድምፃቸው ለየች። ሙህዲንም ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

በዚያች ሰዓት እታለም የተቀቀለ ዕቃ የያዘ ትሪ ይዛ ገባች። ሰማች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ወደ ሀፍሷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ አንሾካሾከች፦

«የማን ዘር ነሽ ነው የሚሉሽ። የአያትሽን ስም ንገሪያቸው።»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ሥራዋን፣ ስሟን፣ ጭብጨባዋን የወሰደችባት ሴት አሁንም እየሸፈነችላት ነው። ሀፍሷ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«እትዬ ሐጀራ፣» አለች በአማርኛ፣ «እኔ አይደለሁም። ስልጥኛ አልችልም። ያን ቀን ያዳነችዎት እሷ ናት።»

እትዬ ሐጀራ ግራ ገብቷቸው ወደ እታለም ዞሩ። እታለም ትሪዋን ትታ ልትወጣ ነበር፤ አሮጊቷ በስልጥኛ አንድ ነገር ሲሏት ግን በዚያው ቋንቋ ከመመለስ ሌላ ምን ታድርግ? ድምፅዋን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። ያቺ አገር ያስደነገጠች ድምፅ እንደ እናት ታባብላቸው ጀመር።

ሙህዲን ከሀፍሷ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ዱባይ ተራ» አለች። «ጫማ ልገዛ ወጥቼ።»

ቢቆጣት በወደደች። እናቱን ደግፎ ወጣ፤ በሩን እንኳን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ከዚያ በኋላ አልመጣም። ታክሲው ጋ ስትደርስ ዞራ ትፈልጋለች፤ የለም። ለአቶ ጓንጉል ሁሉንም ነገረችው። እሱ ሰውዬው ጣጣ አይወድም፤ አልፏል፣ ተይው፣ የጤና ጣቢያውን ስም አታጥፊ አላት። ሽልማት ሰጥቶ መንጠቅ እሱንም ያሳፍረው ነበር መሰለኝ። ያለፈው ግን ሕዝብ ፊት ነውና የሚስተካከለውም እዚያው መሆኑ ገባት።

ቀጣዩ መድረክ ሲጠራ አዳራሹ እንደገና ሞላ። ግለ ሂሷ ሲደርስ ተነሣች። የት እንደነበረች፣ እታለም ለምን እንደጮኸች፣ የማን ጭብጨባ እንደተቀበለች አንድ በአንድ ተናገረች። ከዚያ አዳራሹ ወረደባት። ሌባ አሏት፤ የሰው ስም የሰረቀች። ጾማችንን አሰደበች አሏት። ያኔ እታለምን ያብጠለጠሉት አዛውንት ሳይቀሩ ጣታቸውን ቀሰሩባት። ቆማ ሰማች፤ አንዱንም ስህተት ነው አላለችም።

በመጨረሻ ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። ሙህዲን ነው። ሀፍሷ ዓይኗን ጨፈነች።

«አስተያየቴ በራሴ ላይ ነው» አለ። «እናቴ የኛ ልጅ ስትለኝ ሻርፕ አየሁና ጨረስኩ። ያዳነችንን ሴት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አዋርጄ፣ አስጨብጭቤ ሄድኩ። ሲስተር እታለም፣ ይቅር በይኝ።»

አጎንብሶ ተቀመጠ። ስለ ሀፍሷ አንዲት ቃል አልተናገረም። አዛውንቱም ቀስ ብለው ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ አነሡና መሬት መሬት አዩ። እታለም በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ሕክምና ክፍሏ ተመለሰች። ሀፍሷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ መቀሱን ደግሞ እሷ ትቀቅል ጀመር።

የመድረኩ ዕለት ግን ሕዝቡ ተበትኖ ስትወጣ ሙህዲን በሩ ላይ ቆሟል። ጎን ለጎን ሆነው ወደ መሳለሚያ ወረዱ፤ ተሸካሚዎች እየገፈተሯቸው፣ የታክሲ ረዳቶች እየጮሁባቸው።

«ስለ እኔ ለምን ምንም አላልክም?» አለች በመጨረሻ።

«ስለ አንቺ ሕዝብ ፊት የምናገረውን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ለአንቺ ብቻ የሚነገር ነው።»

«ንገረኛ።»

ቆመ። ፊቷን አየ፤ እንደዚያን ቀን እንባ ባቀረረ ዓይን አልነበረም፣ ደክሞታል።

«አፍሬብሻለሁ» አላት። «በጣም አፍሬብሻለሁ። ናፍቀሽኛልም። ሁለቱ አንድ ላይ አልሄድ አሉኝ።»

ሀፍሷ ማልቀስ ጀመረች። አንገቷን አልደፋችም።

«አንዱን ጥለህ አትምጣ» አለችው። «ሁለቱንም ይዘህ ና።»

ሙህዲን እጇን ያዘና መንገዱን አሻገራት። እስከዚያ ቀን ድረስ የነገራት ደግ ቃል ሁሉ የሌላ ሰው ነበር። ናፍቀሽኛል ያላት ግን የራሷ ነው።