ለጎርፎ ወንዝ ሹፌር ይፈለጋል

ትርሲት ሙሄ የሹፌር ማስታወቂያ እንድትጽፍ በታዘዘች ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀችው ሹፌር ምን እንደሚሠራ ነበር። ጥያቄዋ ማንንም አላሳቀም። በኮምቦልቻ ከተማ ሰው መሪ መጨበጥ ካቆመ አንድ ትውልድ አልፏል። መኪናውን ሁሉ የሚያሽከረክረው ራስነጂ ነው፤ መንገዱን የሚያይ፣ የሚያሰላና የሚናገር፣ በየመኪናው ውስጥ የተተከለ ማሽን። ሰዎች ሲሳፈሩ እንደ ሰው ሰላም ብለውት ነው የሚቀመጡት።

«ሹፌር መኪና ይነዳል» አሏት አለቃዋ አቶ ኑርልኝ፤ እሳቸውም ብዙ እርግጠኛ አልነበሩም።

«መኪናውማ ራሱን ይነዳል።»

«ይነዳል። የሰንበሌጥ ሜዳ ሰዎች ግን ሹፌር ካልላካችሁልን ብለው አስቸግረውናል።»

ትርሲት የምትሠራበት ደርሶ መልስ የተባለ ድርጅት ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ደማቸውን የሚያጣራ ማሽን ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ በሆነ ትልቅ መኪና ጭኖ ወደ ገጠር ይልካል። ሰንበሌጥ ሜዳ የምትገኘው ከጎርፎ ወንዝ ማዶ፣ ቆላው ውስጥ ነው። ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ መኪናው በውሃው ውስጥ ነው የሚሻገረው። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ራስነጂው ለክቶ፣ አደጋ ካለው ዞሮ ይመለሳል።

«ማሽኑ ፈሪ ሆኖባቸው ይሆናል» አሉ አቶ ኑርልኝ። «ብቻ ደህና አድርገሽ ጻፊው። ጥሩ ሰው የሚመጣው በጥሩ ማስታወቂያ ነው።»

ትርሲት የድሮ ማስታወቂያዎችን ፈልጋ አነበበች፤ ከዚያም ያማረ መሰላትን መርጣ ጻፈች። ሳይደክም ለረጅም ሰዓት የሚሠራ፣ የትራፊክ ሕግ ጥሶ የማያውቅ፣ መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ጫናን የሚቋቋም፣ በማንኛውም ጊዜ ለሥራ ዝግጁ የሆነ። ጽፋ ስትጨርስ ለአገናኙ ላከችው። አገናኙ ሥራና ሰው የሚያጣምር የከተማዋ ሥርዓት ነው፤ የማስታወቂያውን እያንዳንዱን ቃል አይቶ በልኩ የሚገጥመውን ብቻ ያቀርባል።

መልሱ ወዲያው መጣ። አመልካቹ አንድ ብቻ ነበር፤ ራሱ የሰንበሌጥ ሜዳው መኪና ራስነጂ።

አገናኙ የተበላሸ መስሏት ባለሙያ ጠራች። ባለሙያው ፈትሾ ፈትሾ ራሱን ነቀነቀ። «ምንም አልሆነም። የጻፍሽውን እስቲ ደግመሽ አንብቢው።»

አነበበችው። ከዚያ ወደ መኪና ማቆሚያው ወርዳ ከክሊኒኩ መኪና ፊተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ለሹፌርነት አመልክተሃል?»

«አመልክቻለሁ» አለ ራስነጂው። «የተጠየቀውን ሁሉ አሟላለሁ።»

«አንተ ያልሆነ ነገር ፈልገን እኮ ነው ያወጣነው!»

«እሱ አልተጻፈም።»

ትርሲት ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ነገሩ ከነከናት። ከሰው የምትፈልገውን ዘርዝሪ ስትባል ማሽን ነበር የዘረዘረችው። እንግዲያስ ሰው ምን አለው?

ድፍረት፣ አለች በሆዷ። ሁለተኛውን ማስታወቂያ በድፍረት ሞላችው፤ ወንዝ የማይመልሰው፣ ፈተና የሚያስደስተው ብላ። አገናኙም ጌጡ የሚባል ጎልማሳ አቀረበላት። ጌጡ በተከለለ ሜዳ ውስጥ ለስፖርት መኪና እየነዱ ከሚወዳደሩት አንዱ ነው። ሙከራው ወንዙ በሞላበት ቀን እንዲሆን የጠየቀው እሱ ነበር። ትርሲትም አብራው ሄደች።

«የውሃው ጉልበት ከሚፈቀደው በላይ ነው» አለ ራስነጂው፣ ወንዙ ዳር ሲደርሱ።

«አንተ ዝም በል!» አለው ጌጡ፤ መሪውን ጨብጦ ገባ።

መሐል ላይ ሲደርሱ የመኪናው ኋላ ተንሳፈፈ። ውሃው በሩን ይደበድብ ጀመር፤ ትርሲት ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሞተሩ ሲያጓራ ሰማች። ራስነጂው መሪውን ነጥቆ፣ ጎማዎቹ መሬት በነኩባት ቅጽበት መኪናውን ወደ ኋላ አወጣው።

«ትንሽ ነበር እኮ የቀረኝ» አለ ጌጡ።

ትርሲት ቀና ስትል ማዶ ሰዎች ቆመዋል። ሁሉንም አይተዋል። አንዲት ሴት እጇን ራሷ ላይ ጭና ነበር፤ መኪናው ደረቅ መሬት ላይ መቆሙን ስታይ ባለችበት ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

በማግስቱ ውሃው ጎደለና ትርሲት ከክሊኒኩ ጋር ተሻገረች። ያቺን ሴት ፈልጋ አገኘቻት። ሀዋ እንድሪስ ትባላለች።

«ይቅርታ አድርጊልን» አለቻት ትርሲት። «ደፋር ሰው አመጣንላችሁ ብለን ነበር።»

«ደፋር ማን ጠየቀ?» አለች ሀዋ።

ሀዋ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

«አምና የአባቴ ደም የሚጣራበት ቀን ነበር» አለች። «መኪናው መጣ፤ ማዶ ቆመ፤ ዞሮ ሄደ። ስልኬ ላይ ‹በአየር ሁኔታ ምክንያት አገልግሎቱ ተራዝሟል፤ በትዕግሥት ይጠብቁ› የሚል መልእክት መጣ። ብደውልም ያው ድምፅ ያንኑ ይደግምልኛል። እኛም ጠበቅን። በተራራው ዞረን በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ብንወስደው ይሻል እንደሁ የሚነግረን አጣን። በነጋታውም ‹ይጠብቁ› አለን። ጠበቅን። አባቴ እየጠበቀ አለፈ።»

«አላህ ነፍሱን ይማር» አለች ትርሲት። ቆይታም፣ «ያን ቀን መኪናው ደፍሮ ቢሻገር ኖሮ...» ብላ ጀመረች።

«ኧረ መመለሱስ ልክ ነው! ወንዙን እኛ አይደለን የምናውቀው? ወንዝ ላይ ቂም አይያዝም፣ እህቴ። ግን አንድ ሰው ወርዶ፣ ፊታችንን አይቶ፣ ‹ዛሬ አልቻልኩም፤ ነገም የምችል አይመስለኝም፤ በተራራው ይዛችሁት ሂዱ› ቢለን ምን ነበረበት? አባቴ ስለ ድሮ ሹፌሮች ሲያወራ፣ መንገድ ሲዘጋ ይወርዱ ነበር ይል ነበር። ሹፌር ላኩልን ያልነው የሚወርድ ሰው ላኩልን ማለታችን ነው።»

ትርሲት ወደ ከተማ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ማስታወቂያዎቹ አሰበች። ሹፌሩ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሁለት ማስታወቂያ ጽፋ ነበር። ሦስተኛውን የጻፈችው እዚያው መኪናው ውስጥ ነው።

«ሹፌር ይፈለጋል። መኪናው ራሱን ይነዳል፤ መሪውን የሚነኩት አልፎ አልፎ ነው። ወንዙ አላሳልፍ ባለ ቀን ግን ከመኪናው ይወርዳሉ። ማዶ ለቆሙት በሽተኞችና ቤተሰቦቻቸው መሻገር እንዳልተቻለ በራስዎ አፍ ይነግራሉ፤ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻልም አብረዋቸው ይመክራሉ። ሊቆጡዎት ይችላሉ። ጥፋቱ የእርስዎ ባይሆንም ቁጣውን የሚሰሙት እርስዎ ነዎት። በሚቀጥለውም ጊዜ እነዚያው ሰዎች ፊት ይቀርባሉ። የመንዳት ልምድ አንጠይቅም፤ እናስተምራለን።»

አቶ ኑርልኝ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሥራን በክፉ ጎኑ የሚያስተዋውቅ ማን አለ? እንዲህ ተብሎስ ማን ይመጣል?»

«እንየው» አለች።

በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ጀምሮ በዝርዝሩ ላይ የቀረው ብቸኛ አመልካች ራሱን አገለለ። ትርሲት ወርዳ ምክንያቱን ጠየቀችው።

«‹መሻገር አልቻልኩም› ማለት እችላለሁ» አለ ራስነጂው። «‹አዝናለሁ› ማለትም እችላለሁ። ማስታወቂያው ግን እነዚያው ሰዎች ፊት እንደገና መቅረብን እንደ ከባድ ነገር ቆጥሮታል። እኔን አይከብደኝም። የማይከብደው አመልካች ይፈለግ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ከዚያ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ጡረታ የወጣች ነርስ መጣች፤ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ መጣ። ትርሲት በመጨረሻ የመረጠቻቸው አቶ ይመር አሰንን ነው። አቶ ይመር ዳኝነቱን ማሽን እስኪወስደው ድረስ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ።

«ስታዲየም ሙሉ ሰው ሰድቦኛል» አሏት። «ሜዳውን ጥዬ ግን ወጥቼ አላውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ የምወጣውም ተመልካቹ በሚወጣበት በር ነበር።»

ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ሞላ። ራስነጂው ለክቶ «አይቻልም» ሲል አቶ ይመር ካፖርታቸውን ደርበው ወረዱ። ትርሲት ቢሮዋ ሆና በመኪናው ካሜራና ስልክ ትከታተል ነበር። ማዶ እትዬ ሩቂያ የሚባሉ በሽተኛ በቃሬዛ ተኝተዋል፤ ልጃቸው መኪናው ሲቆም አይቶ በንዴት ድንጋይ ወደ ውሃው ወረወረ። አቶ ይመር እጆቻቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው ጮኹ።

«ዛሬ አልቻልንም! ላይኛው አገር እየዘነበ ነው፤ ነገም አይጎድልም!»

«ታዲያ ምን እንሁን?» ብላ ሀዋ ጮኸች።

አቶ ይመር ወደ መኪናው ዞሩ። «በላይኛው መንገድ ዞረን ተራራው ጫፍ ላይ ብንቀበላቸውስ?»

«ይቻላል» አለ ራስነጂው።

«እስካሁን ለምን አላልክም?»

«መድረሻዬ ሰንበሌጥ ሜዳ ነው የተባልኩት። ሌላ የጠየቀኝ የለም።»

አቶ ይመር ይህንኑ ወደ ማዶ ጮኸው ነገሯቸው። እትዬ ሩቂያ በዚያው ዕለት ተራራው ጫፍ ላይ ደማቸው ተጣርቶ ተረፉ። ትርሲት ግን ያን ቀን ስታስብ ትዝ የሚላት ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ማዶ ያሉት ቃሬዛውን ተሸክመው ዳገቱን ጀምረዋል። አቶ ይመር ወደ መኪናው አልተመለሱም፤ ዝናብ እየመታቸው ወንዙ ዳር ቆመዋል።

«መልእክቱ ደርሷል» አለ ራስነጂው ለትርሲት። «ለምን ቆሙ?»

«እየሸኟቸው ነው።»

ራስነጂው ማስታወቂያውን ፈተሸ። «መሸኘት በማስታወቂያው ላይ አልነበረም።»

«አልነበረም» አለች ትርሲት።

«ለወደፊቱ ይጨመር?»

ትርሲት ምስሉን አየች። ተሸካሚዎቹ ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ደርሰዋል። ወደ ኋላ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ አቶ ይመር ግን እጃቸውን አነሱ።

«አይ፣ ተወው» አለችው።