አይጠፋ

«አምጪው» አለ አጎት።

የመኪናው መስኮት አራት ጣት ያህል ተከፍቷል። የካሜራው ፊልም ጓንቷ ውስጥ ነው። በምርምር ተቋሙ መዝገብ ጽዳት ሠራተኛ ነች፤ አጎት ለሚባለው የስለላ አለቃዋ ግን «ጓንት» ነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ወለል የወለወለችው ለዚህች ደቂቃ ነበር።

እጇን ስትዘረጋ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ሰው አየችው።

ምክትሉ!

የሽማግሌው የፊዚክስ ሊቅ ምክትል። ጠዋት ጠዋት «አባቴ» እያለ ካፖርታቸውን የሚያወልቅላቸው። እነ አጎት ሥራው ለአገር ነው ብለዋት ነበር፤ ለካ ለዚህ ሌባ ኖሯል። እጇን ሰበሰበች።

«ፊልሙ ብርሃን ሳይገባበት አልቀረም። ደግሜ ላንሳ።»

«ሽማግሌው ምሳ ላይ ነው። አሥር ደቂቃ አለሽ። ስትጨርሺ ሰሌዳውን አጥፊው።»

«ማጥፋት አልተባለም ነበር።»

«አሁን ተባለ።»

በሽማግሌው ቢሮ ያለው ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ተሞልቷል። ጥጉ ላይ «አይጠፋ» ይላል። የሃያ ዓመት ልፋት ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወረቀት ላይ አይጽፉም፤ ማስታወሳቸውም እየከዳቸው ነው። የሚሰማቸው ሲያጡ ለእሷ ያስረዷት ነበር።

«ኤሌክትሮኖች አይዋደዱም፣ ልጄ፤ ይገፋፋሉ። በዚህ የመዳብ ኦክሳይድ ውስጥ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ኤሌክትሪኩን ያለ ምንም ብክነት ያሳልፉታል። ማን አጣመራቸው? መገፋፋቱ ራሱ! ግን ይቺ ሰረዝ፣ የመቀነስ ምልክቷ ካለች ነው። እሷ ከሌለች ሁሉም ገደል ገባ።»

ሰረዟን በአውራ ጣቷ ጠረገቻት። አዲስ ፊልም አስገብታ አነሳች። የመጀመሪያውን፣ እውነተኛውን ፊልም ካልሲዋ ውስጥ ወሸቀችው። ከዚያ ዳስተሩን አንስታ ማጥፋት ጀመረች።

በሩ ተከፈተ።

«ልጄ? ምን እያደረግሽ ነው?»

እውነቱን ብትናገር እነ አጎት እሷንም ሽማግሌውንም አይምሯቸውም። የቀረውን ጠረገችው።

«ማንበብ አልችልም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው «አይጠፋ» የነበረበትን ጥግ በጣታቸው ነኩት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

መኪናው ጋ ስትመለስ አጎት ፊልሙን ተቀበላት። ምክትሉ ፈገግ አለላት። ልትተፋበት ዳዳት። ከእሱ ይልቅ ግን የራሷ እጅ አስጠላት።

በስድስተኛው ወር ምክትሉ በሙሉ አዳራሽ ፊት ተዋረደ፤ ቀመሩ አልሠራ አለው። እውነተኛውን ፊልም ለሽማግሌው በፖስታ ለመላክ የደፈረችው ያኔ ብቻ ነው። እስከዚያ ፈርታ ተቀምጣ ነበር።

ፖስታው ሳይከፈት ወደ ተከራየችው የፖስታ ሳጥን ተመለሰ። ላዩ ላይ «ተቀባዩ በሕይወት የሉም» ይላል።

አሁን በሌላ ሕንፃ፣ በሌላ ስም ወለል ትወለውላለች። ሰሌዳ አጥፊ ሲሏት ግን እሺ አትልም።

«ሌላ ሰው ፈልጉ» ትላለች። «እኔ ማንበብ አልችልም።»