ያላየችው በር

ኢንስፔክተር የሻሽወርቅ ቃለ ሕይወት አስከሬኑን የመረመረችው አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ፣ ሌላውን ወደቡ ድንጋይ ላይ አድርጋ ነበር። ከድንጋዩ ማለፍ አትችልም። ደብረ ጽጌ ደሴትን ሴት ረግጣው አታውቅም፤ ዶሮ እንኳ ብትሆን ወንዱ ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ መነኮሳቱ ሬሳውን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ውሃው ዳር አወረዱላት። እሷም አልተከራከረችም፤ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነች ሥርዓቱን ታውቀዋለች።

ሟቹ አባ ወልደ ገብርኤል ይባላሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከዲቁናቸው ጀምሮ የገዳሙን ዕቃ ቤት ሲጠብቁ የኖሩ መነኩሴ ናቸው። ዕቃ ቤቱ በድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ክብ ቤት ነው። ከነሥዕሉ ከነወይራ በሩ በቅርስነት ስለተመዘገበ ያለ ፈቃድ ሚስማር አይመታበትም። ጠዋት ገበዙ አባ ኪዳነ ወልድ ከጸሎት ሲወጡ፣ ሽማግሌውን ቤቱ ጥግ በቆመ መሰላል ሥር ወድቀው አገኟቸው። አጠገባቸው አንድ እስር የጣሪያ ሣር ነበር።

«ጣሪያ ሲጠግኑ ወድቀው ነው» አሉ አቶ ባምላክ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በዚህ ዕድሜ መሰላል! ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ!»

በጣና ዳር የቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆኑት አቶ ባምላክ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ናቸው። ለየሻሽወርቅ ግን ከዚያም በላይ ናቸው። አባቷ ቃለ ሕይወትና እሳቸው በጣና ዙሪያ ያሉትን ጥንታዊ ቤቶች አብረው ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ አባቷ የሞተው እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተር የገዙላትም፣ ስትታመም ያስታመሟትም፣ ስትዳር በአባት ወንበር ተቀምጠው የመረቋትም ጋሽ ባምላክ ናቸው። ልጅ ሳለች አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ቆማ ወደ ደሴቱ እየጠቆመች «እዚያ ውስጥ ምን አለ?» ትላቸዋለች። «በሩ ላይ ትልቅ መልአክ አለ፤ ቀሚሱም እንደ ቀሚስሽ ቀይ ነው» ይሏታል። ያን ቀን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ጀልባው ውስጥ ከእነሱ ሌላ ሳጅን ሀዲስና የዕቃ ቤቱን እድሳት ንድፍ የምትሠራው አርክቴክት ሊድያ ነበሩ። የሻሽወርቅ ሀዲስን ወደ ላይ ልትልከው ስትል አቶ ባምላክ ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

«ተይ ልጄ፤ የበሩ ቀለም በትንሽ ነገር ይረግፋል፣ ኋላ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ስልክሽን ስጪኝ። ሁሉን አንስቼ አመጣልሻለሁ፤ እኔ ዓይንሽ እሆናለሁ።»

ሰጠቻቸው። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ዳገቱን ሲወጡ እሷ ወደ ቃሬዛው ጎንበስ አለች። ቁስሉ ማጅራት ላይ ነው። ተረከዛቸው ተልጧል። በመዳፋቸው የሣር ብጣሽ የለም፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደተጨበጠ ደርቋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታላቅቅ፣ ጫፉ የተቃጠለ ቁራጭ ጧፍ አገኘች። እጅጌያቸውም ላይ ሰም ተንጠባጥቧል።

አቶ ባምላክ ተመልሰው ስልኩን ሲያቀብሏት፣ በቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ሥር ውሃ የቋጠረ ቁስል አየች።

«ምን ነካዎት ጋሼ?»

«አይ፣ ጓሮ ስኮተኩት ዶማው ልጦኝ ነው።»

ፎቶግራፎቹን አየቻቸው። አርባ አንድ ናቸው፤ መሰላሉ ከአራት አቅጣጫ፣ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ወለሉ። አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ከኋላ ወደ ፊት ተመለከተቻቸውና ስልኩን ኪሷ ከተተች።

በዚህ መሐል ደሞዝ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከማዶ ሰፈር ታንኳውን እየቀዘፈ መጣ። ለአባ ወልደ ገብርኤል ሊያለቅስ ነው የመጣው፤ ያም ሆኖ ታንኳው ግማሽ ጎኑ ሰምጦ፣ እሱም ትንፋሽ አጥሮት ነው የደረሰው።

«ምነው እንዲህ ከበደብህ?» አለችው የሻሽወርቅ።

«እኔስ ምን ዐውቄ እመቤት! ሦስት ቀን ሙሉ አልነካሁትም። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ደርቆ እንደ ላባ እንዲቀለኝ ፀሐይ ላይ አቁሜው ነበር። ጠዋት ላነሣው ብል ውሃ ጠጥቶ እንደ ግንድ ከብዷል።»

«የት አገኘኸው? ውሃ ዳር ተጥሎ?»

«የለም፤ እንደተወሁት ዋርካው ላይ ተደግፎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውሃውን እያንጠፈጠፈ።»

አቶ ባምላክ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ይኸ ሰውዬ ከደሴቱ እንጨት ቆርጦ፣ አባ በማኅበሩ ፊት አሳፍረውት ነበር። እኔ አደጋ ነው ባይ ነኝ፤ ነገር ካለ ግን ከሱ ዓይንሽን አታንሺ።»

ደሞዝ ሰማቸው። «ያንን እንጨት ይቅር ብለውኛል» አለ። «ሞተዋልና ምስክር የለኝም።»

የሻሽወርቅ ሊድያ ወደተቀመጠችበት ዞረች። ሊድያ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ዋና ስለማትችል የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ አልለቅ ብላለች።

«በሩን አይተሽው አታውቂም አይደል?»

«እንዴት አያለሁ? እንደ እርስዎ እኔም መግባት አልችልም። የምስለው ጋሽ ባምላክ በሚያመጡልኝ ልኬት ነው። እንዲያውም አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነበር። በቀድሞው መዝገብ የቀኙ መዝጊያ ከአሁኑ ልኬት በሁለት ጣት ይሰፋል። ስጠይቃቸው ‹ያኔ የለካው ቃለ ሕይወት ነው፤ ነፍሱን ይማርና ልኬት ላይ ዝርክርክ ነበር› አሉኝ። እኔም አስተካከልኩት።» ወዲያው የማን ልጅ ፊት እንደተናገረች ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች።

የሻሽወርቅ አባት ለእራት የሚቀመጥበትን በርጩማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም ነበር።

ገበዙን ለብቻቸው ወደ ድንጋዩ ጠራቻቸው።

«አባ፣ መሰላል ላይ ጧፍ አብርቶ የሚወጣ አለ?»

«እግዚኦ! ምን ነክቶሽ ነው ልጄ? ኅብስት የምንጋግርበት ቤተልሔማችን ተቃጥሎ ካየነው ወዲህ እሳት ይዞ ሣር ጣሪያ የሚጠጋ እንዳይኖር ማኅበሩ በግዝት ከልክሏል።»

«ታዲያ አባ ወልደ ገብርኤል ጧፍ ይዘው ምን ይፈልጉ ነበር?»

«ዲያቆን ሳሉ ጧፍ እንደያዙ እንቅልፍ ጥሏቸው፣ የበሩን የቀኝ መዝጊያ ግርጌውን አቃጥለውታል። መቶ ስግደት ተቀጡበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ያችን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ሳይዳብሱ ገብተው አያውቁም። ትናንት ግን ‹ጠባሳዬን በእጄ ፈልጌ አጣሁት› አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኋቸው። ስልኬንም ተቀብለው ከሰው ጋር ብዙ ተነጋገሩ፤ ሲመልሱልኝ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።»

«ስልክዎን ያሳዩኝ።»

የመጨረሻውን ቁጥር አየች። ስም የለውም። ስልኩን መለሰችላቸውና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ሀዲስ ያመማት መስሎት ውሃ አቀበላት።

«አላመመኝም» አለች። «ከአባ ጋር ወደ ላይ ውጣ። የቀኙን መዝጊያ ግርጌ ዳብሱት፣ ፎቶም አንሣው። ከዚያ ሁላችንም እዚህ እንሰብሰብ።»

ሀዲስና ገበዙ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ወረዱ። «ምንም የለም» አሉ ገበዙ። «ልስልስ ያለ እንጨት ነው።»

የሻሽወርቅ ድንጋዩ ላይ ቆመች። ደሞዝ ታንኳው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ ነው።

«አባ ወልደ ገብርኤል ከመሰላል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ጧፍ በጨበጠ እጅ ማንም ሣር አይጠግንም፣ እዚህ ደሴት ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብም። እሳቸው በሩ ሥር ተንበርክከው ጠባሳቸውን እየፈለጉ ነበር። የሞቱት እዚያ ነው፤ ተረከዛቸው የተላጠው ወደ መሰላሉ ሲጎተቱ ነው። ጠባሳው የጠፋው በሩ የጥንቱ በር ስላልሆነ ነው። ልኬቱም በሁለት ጣት አንሷል።»

«ባሕር ዳር ወስደው አድሰው ከትናንት ወዲያ ሲመልሱት!» አሉ ገበዙ።

«አዎ። ያኔ ተለወጠ። አሁን የገደለውን እንፈልግ። የደሴቱ ሰው የማዶ ታንኳ አያስፈልገውም። ሊድያ መቅዘፊያ ጨብጣ አታውቅም። ደሞዝ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ታንኳዬ ረጥቦ አገኘሁት ብሎ ራሱ ባልነገረኝ። በሞተር ጀልባ እንዳይታይ የፈራ፣ ትናንት ወደ ማታ ታንኳውን ሰርቆ ቀዝፎ የተመለሰ ሰው አለ። ያ ሰው እንዳይታወቅበት ስንት ነገር አሰበ! ሲመለስ ግን ታንኳውን አውጥቶ፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ዋርካው ላይ አቆመው። የከተማ ሰው ቢሆን ጥሎት ይሄድ ነበር። ይኸ ከልጅነቱ እጁ የለመደው የሐይቅ ዳር ሰው ነው፤ የቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ ልጅ።»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

«ጋሽ ባምላክ» አለች። «ዶማ ነው አሉኝ። እርስዎ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የትኛውን ጓሮ ኮተኮቱ? እጅዎን የላጠው መቅዘፊያ ነው። አርባ አንድ ፎቶ አነሡልኝ፤ አንዱም ላይ በሩ የለም። እኔና ሊድያ ቤቱን አይተነው ስለማናውቅ ያላሳዩንን ማን ይጠይቅዎታል? አባስ ትናንት የደወሉት ለማን ነበር? ቁጥሩን ስም ባይኖረውም በቃሌ ዐውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ስቀር ይደወል የነበረው እዚያ ነው።»

ሰውዬው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ የልጅነት አነጋገራቸው ተመለሰባቸው።

«ሠላሳ ዓመት ጻፍሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ምስጥ በላው አልሁ። ማን ሰማኝ? የሚንከባከበው ገዢ እጅ ይግባ ብዬ ተስማማሁ። ገና አልሰጠሁትም፤ አልጋዬ ሥር ነው። አባን ዝም ይበሉ ብዬ ለመንኋቸው። ‹ነገ ለቃለ ሕይወት ልጅ እነግራለሁ› አሉኝ። አንቺን ሲጠሩ ጊዜ… ገፋኋቸው። የበሩ ደፍ ድንጋይ ነው። ልገድላቸው አላሰብሁም።»

«የአባቴንስ ስም? እሱንም ሳያስቡት ነው ያጠፉት?»

ወደ ጀልባው ስትመለስ እንደ ወትሮው ደግፈው ሊያሻግሯት እጃቸውን ዘረጉላት። ሀዲስ ካቴናውን ያስገባው በተዘረጋው እጅ ላይ ነው። እሷ አንተ ልትላቸው ፈለገች፤ ሠላሳ ዓመት አንቱ ያለ አፍ እምቢ አላት።

ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋውን ከሀዲስ ጋር ገፋ አደረጉት። በሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የሻሽወርቅ ተንበርክካ ግርጌውን ዳበሰች፤ አውራ ጣቷ ጠባሳው ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ሜትር አምጥታም ለካችው፤ ከቀድሞው መዝገብ ጋር አስተያየችው። የአባቷ ልኬት አንዲት ነጥብ አልተሳሳተም።

ከዚያ ብርድ ልብሱን እስከ ላይ ገለጠችው። ዕድሜ ልኳን በሰው አፍ የሰማችውን መልአክ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ዓይኗ አየችው። ቀሚሱ አረንጓዴ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ምነው?» አላት ሀዲስ።

ቀን ሙሉ ያልወጣው እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። አባት የሌላትን ልጅ ለማስደሰት የተዋሿትን ያችን አንዲት ውሸት፣ ከሌሎቹ ጋር ትቁጠራት ወይስ ትተዋት አላወቀችም።