የፍቅር አባት ማን ነው?

ሊዲያ ጥርጣሬን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ወይዘሮ ማሚት ወተት ሲገዙ ቀኑን አንብበው እንኳ ክዳኑን ከፍተው ሳያሸቱ አይቀዱም። አሜሪካ ቡርንስቪል ያለው ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም ሌባ ይገባል ብለው መስኮቱን ይቆልፋሉ። ምስር ለመልቀም ሲቀመጡ ሊዲያ፣ «እማዬ፣ የአሜሪካ ምስር በማሽን የተበጠረ ነው፤ ጠጠር የለውም» ብትላቸው፣ «ጠጠር የሌለው ምስር የለም፤ ያልተገኘ ጠጠር ነው ያለው» ይላሉ። ከዚያ የዘወትሩን ያስከትላሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ ፍቅር ሲመጣባት መታወቂያ ብትጠይቀው አይፈረድባትም።

ፍቅር የመጣባት ደግሞ ሴንት ፖል ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሊዲያ ሜፕልዉድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ነርሲንግ ትማራለች። ለመመረቅ አንድ ትምህርት ጎደላትና የግሪኮችን አፈ ታሪክ ያዘች። ከአጠገቧ አንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሐበሻ ተቀመጠ። ቂርቆስ ይባላል፤ የትምህርት ቤት አውቶብስ ይነዳል።

ፕሮፌሰሯ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አደለች። የአማልክትን ቤተሰብ ከመማራችሁ በፊት የየራሳችሁን የትውልድ ሐረግ ሣሉ አለች። ሁሉም በእስክሪብቶ ጻፈ። ቂርቆስ ግን በእርሳስ ነው የጻፈው። ከራሱ ስም በላይ አንድ ስም፣ ከዚያም በላይ ሌላ፣ እንዲህ እያለ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ወጣ። ጥቂት ተመለከተውና ላጲሱን አንሥቶ ሁሉንም አጠፋው። በምትኩ «አሳምነው» ብሎ ጻፈ።

«የአባቱን ስም የሚሳሳት ሰው አለ እንዴ?» አለች ሊዲያ በልቧ።

ፕሮፌሰሯ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ ስትመድብ ለሊዲያና ለቂርቆስ የፍቅር አማልክት ደረሷቸው። ሥራቸው የኤሮስን፣ የፍቅርን አምላክ፣ ቤተ ዘመድ አጣርቶ በትልቅ ካርቶን ላይ መሣል ነበር።

«እናቱ አፍሮዳይት ናት» አለች ሊዲያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለው። «አባቱ ደግሞ አሬስ፣ የጦርነቱ አምላክ።»

«ባሏ አንጥረኛው አምላክ አይደል እንዴ?»

«ባሏማ ሌላ ነው። አሬስ የባሏ ወንድም ነው።»

«ጉድ በል!»

«ቆይ፣ ገና ነው። ይሄኛው መጽሐፍ አፍሮዳይትም የዋናው አምላክ የዜውስ ልጅ ናት ይላል። አሬስም የዜውስ ልጅ ነው። እህትና ወንድም ናቸው ማለት ነው።»

ቂርቆስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እናትሽ ይህን ቢሰሙ ሰማዩን በሙሉ ጠበል ያስረጩት ነበር።»

«እናቴን የት ታውቃታለህ?»

«ስለ ወተቱ ነግረሽኝ የለ?»

ሊዲያም ሳቀችና ገጹን ገለጠች። «እዚህ ደግሞ ኤሮስ አባትም እናትም የለውም ይላል። ከሁሉም በፊት ዝም ብሎ ተገኘ።»

የቂርቆስ ሳቅ ቆመ። «ታዲያ አባቱን ማን ብለን ልንጽፍ ነው?»

«እውነተኛውን።»

«ሁሉም እውነት ቢሆንስ?» አላት። ይህን ሲል ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ከክላስ ስትወጣ የመኪናዋ መስታወት በረዶው ተፍቆ ታገኘዋለች። ማን እንደፋቀው አይነግራትም፤ ጓንቱ ግን ርሶ ታየዋለች። ሊዲያ ወደደችው። መውደዷን ባወቀች ቀን ደስታው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ጥርጣሬው ተከተለ።

ምክንያት አልጠፋትም። ስልክ ሲደወልለት ራቅ ብሎ ነው የሚያናግረው። አንድ ቀን፣ «እሺ ጋሼ፣ አልነገርኳትም» ሲል ሰማችው።

«ማን ነው?»

«አባቴ።»

«አባትህን ጋሼ ነው የምትለው?»

«ልማድ ነው።»

ልደቱን ብትጠይቀው «ጃንዋሪ አንድ» አላት። በስደት ከመጣው ሐበሻ ስንቱ በወረቀት ጃንዋሪ አንድ እንደተወለደ ሊዲያ ታውቃለች፤ እሷም ራሷ አንዷ ናት። «የወረቀቱን አልጠየቅኩህም፤ የእውነቱን» አለችው። ቂርቆስ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ማሽከርከር ጀመረ። ሚስት አለው ብላ ጠረጠረች። ሌላ ከተማ ልጅ አለው ብላ ጠረጠረች። ይህን ሁሉ እየጠረጠረች ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን ትቆጥራለች።

በሁዳዴ ጾም ወይዘሮ ማሚት፣ «በይ አምጪው፤ ልየው» አሉ።

ቂርቆስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ወይዘሮ ማሚት ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ምስር ያለበትን ሰፌድ ፊቱ አስቀመጡ። «እጅህን ታጥበሃል? እንግዲያው ልቀም።»

ሊዲያ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «አፍሮዳይትም የኤሮስን ሚስት፣ ሳይኪን፣ ስንዴና ምስር ቀላቅላ አስለቅማታለች።» ቂርቆስ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ።

«ምንድን ነው የሚያሳስቃችሁ?» አሉ ወይዘሮ ማሚት። «ይልቅ የማን ልጅ ነህ? ቁጠርልኝ እስቲ።»

ቂርቆስ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ቂርቆስ አሳምነው፣ አሳምነው ሐብተማርያም፣ ሐብተማርያም ዋለ፣ ዋለ አክሊሉ…» አለ። ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የወረደው። ሊዲያ ይህን አስተዋለች። ሰው የገዛ አያቶቹን ሲቆጥር አንዱ ጋ ይስቃል፣ አንዱ ጋ ያመነታል። እሱ ፈተና የሚመልስ ነበር የሚመስለው።

የወይዘሮ ማሚት እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ። «ዋለ አክሊሉ? የቡልጋው? ዳኛው?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚባለው።»

«ዋለ አክሊሉ የእናቴ አያት ናቸው!»

ወይዘሮ ማሚት በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። «ከዋለ ሲወረድ እሱ ሦስተኛ ነው፣ አንቺ አራተኛ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ዘመዳሞች ናችሁ፤ ይሄ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።»

ቂርቆስ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሊዲያ ያን አፍ ሲከፈትም ሲዘጋም አየችው። «ምን ሊል ነበር?» የሚለው ጥያቄ ያን ሳምንት ሙሉ አልተዋትም።

በዚያው ሳምንት ስለ ሳይኪ ስታነብ ቆየች። ኤሮስ ሳይኪን ሲያገባት አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ ፊቴን እንዳታዪ አላት። እህቶቿ፣ «ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እባብ ቢሆንስ?» አሏት። መብራት አብርታ ብታየው ውብ ነበር። ከመብራቱ ግን የጋለ ዘይት ጠብ ብሎ አቃጠለውና ነቅቶ ጥሏት ሄደ። ሊዲያ አንብባ ስትጨርስ «ጅል!» አለቻት።

ይህን ካለች ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ ለካርቶኑ ሥራ ያስቀመጡትን ፎልደር ስታገላብጥ የቂርቆስን የመጀመሪያ ቀን ወረቀት አገኘች። ላጲስ ቀለሙን ያጠፋል እንጂ የእርሳሱን ጭረት አያጠፋም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ አየችው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጎንፋ። ሆርዶፋ። ጅሬኛ። ከዚያ በላይ ያሉትን ማንበብ አልቻለችም።

ቅዳሜ ፓርኪንግ ውስጥ ጠበቀችው።

«ጎንፋ ማን ነው?»

ቂርቆስ የመኪናውን በር እንደያዘ ደረቀ። «የት አገኘሽው?»

«ያጠፋኸውን አነበብኩት። ስምህስ ስምህ ነው? ሚስት አለህ? ንገረኝ!»

«ሚስት?» አለ። ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። «ጎንፋ አባቴ ነው። ናይሮቢ ነው የሞተው፤ እናቴ ከሱ በፊት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጋሼ አሳምነው ጎረቤታችን ነው፤ ወደ አሜሪካ መምጫ የስደተኛ ኬዙ ላይ ልጄ ነው ብሎ አስገባኝ። ለኢንተርቪው የሱን አያትና ቅድመ አያት በቃሌ አስጠናኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ነገሩ ከወጣ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እሱም ይጠየቃል።»

ሊዲያ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። «ስለዚህ ዘመድ አይደለንም!»

«ልነግርሽ ነበር። ጋሼን እያስፈቀድኩ ነበር። እስክነግርሽ ብትጠብቂ ምን ነበረበት?» ድምፁ ከፍ አላለም፤ እሷን የጎዳትም ይኸው ነው። «አሁን አንቺ ለእናትሽ፣ እናትሽ ለጎረቤት። አሳድጎኝ በእኔ ምክንያት ይታሰር?»

መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ሊዲያ በዚያው ቆማ ራሷን «ጅል» አለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልደወለም፤ ስትደውልም አላነሣም። ሊዲያ በአፏ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዛ ኖረች። «አሳምነው አባቱ አይደሉም» ብትል ክልከላው በዚያው ይፈርስ ነበር። ወይዘሮ ማሚት ደግሞ ቂርቆስን ከባልነት ከሰረዙ ወዲህ ይወዱት ጀምረዋል። «ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው፤ ለፋሲካ ጥሪው እንጂ» ይሏታል። ሊዲያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ታለቅሳለች፤ ዓረፍተ ነገሯን ግን አትተፋትም።

ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ቀን ደረሰ። ቂርቆስ መጣ፤ የካርቶኑን አንድ ጫፍ ያዘ፣ እሷ ሌላውን። አፍሮዳይትን፣ አሬስን፣ አንጥረኛውን ባል አስረድተው ሲጨርሱ ፕሮፌሰሯ፣ «ታዲያ በመጨረሻ የፍቅር አባት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለት አባት አለው» አለ ቂርቆስ። «አንዱን ስንጠራ ሌላውን መካድ የለብንም።»

ኮሪደሩ ላይ ከኋላ ደረሰባት። «ለእናትሽ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም።»

«ብትነግሪያቸው እኮ ይፈቅዱልን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«የኔ አይደለም» አለች ሊዲያ። «አንዴ ሳይፈቀድልኝ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም።»

ቂርቆስ ብዙ አያት። ሦስት ሳምንት ያልነበረው ዓይኑ ተመለሰ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን» አላት።

እሑድ በሩ ሲንኳኳ ወይዘሮ ማሚት በቀዳዳው አጮልቀው አዩ። ቂርቆስ ጸጉራቸው ከሸበተ፣ ኮት ከለበሱ ሰው ጋር ቆሟል። «አባቱ ናቸው!» ብለው ከፈቱ። «ይግቡ፣ ይግቡ፤ ዘመዴ አይደሉ!»

ጋሼ አሳምነው ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ቀርቦ ሳይነኩት፣ «ወይዘሮ ማሚት፣ ከዚህ ቤት የማይወጣ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት» አሉ። ወይዘሮ ማሚት ተነሥተው መስኮቱን ቆለፉ። አራተኛ ፎቅ መሆኑን በዚያ ቀን ያነሣባቸው የለም።

ጋሼ አሳምነው ወደ ቂርቆስ ዞሩ። «ቁጠር። የራስህን ቁጠር።»

«ጋሼ…»

«አሥራ ሰባት ዓመት አባትህ ሆኜ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንድ ቀን ብለቅህ አልሞትም። ቁጠር ልጄ።»

ቂርቆስ ጀመረ። «ቂርቆስ ጎንፋ» አለና ቆመ። የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር አያይዞ ከጠራ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። «ጎንፋ ሆርዶፋ። ሆርዶፋ ጅሬኛ። ጅሬኛ ኩምሳ…» አሁን አላነበነበም፤ አንዱ ጋ ፈገግ ይላል፣ ሌላው ጋ ድምፁ ይሰበራል። ሊዲያ በዚህ ሰው ላይ የቀራት አንዲት የጥርጣሬ ፍሬ እንኳ እንደሌለ ያወቀችው ያኔ ነው። «ኩምሳ ደበላ። ደበላ ሊበን። ሊበን ቶላ።» ሰባቱን ጨርሶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ቀሪውን ጋሼ አሳምነው አስረዱ። ወይዘሮ ማሚት ሰምተው ወዲያው አላመኑም፤ እንዴት ብለው! «ክርስትና ያነሡት እርስዎ ነዎት?» ሲሉ ጠየቁ። አይደለሁም አሏቸው። «በእናቱስ በኩል?» ከወለጋ ናት፣ ቡልጋን ረግጣ አታውቅም አሏቸው። ወይዘሮ ማሚት ሰፌዱን ሳቡ፤ ምስሩን በመዳፋቸው ዘረጉት፣ ሰበሰቡት፣ ደግመው ዘረጉት።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ጠጠር አጣሁበት።»

ሊዲያ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት። ከፎልደሯ ያን ወረቀት አወጣች፤ የተፋቀውን ቦታ በእስክሪብቶ ልትሞላ ስትል እናቷ እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቋት።

«አብደሻል? ይሄ በወረቀት አይያዝም! በቃልሽ ያዢው። ነገ ልጅ ስትወልጂ የማን ልጅ ነህ ሲሉት ምን ሊል ነው? በይ ቁጠሪ።»

ሊዲያ ዓይኗን ጨፈነች። «ቂርቆስ ጎንፋ፣ ጎንፋ ሆርዶፋ፣ ሆርዶፋ ጅሬኛ፣ ጅሬኛ ኩምሳ፣ ኩምሳ…» አምስተኛው ላይ ጠፋባት።

«ደበላ» አለ አንድ ድምፅ።

ቂርቆስ አልነበረም። ጋሼ አሳምነው ናቸው፤ የቀዘቀዘውን ሻይ እያዩ ነበር። «ደበላ፣ ሊበን፣ ቶላ» ብለው ጨረሱላት። ቂርቆስ ወደሳቸው ዞረ።

«ጋሼ፣ አንተ የት ታውቃቸዋለህ?»

«አባትህ ሊሞት ሲል አስጠናኝ» አሉ። «እኔ የኔን ሳስጠናህ ያንተ እንዳይጠፋ፣ እኔው በየቀኑ እደግመው ነበር።»

ወይዘሮ ማሚት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጋሼ አሳምነው ገፋ አደረጉት።

«እጅዎን ታጥበዋል?» አሏቸው። «እንግዲያው ይልቀሙ።»