ከማን ጋር ተበላ?

ጉንጮ ሐሙስ ዕለት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ዳቦ ስትገምጥ እጅ ከፍንጅ ተያዘች። የያዘቻት ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ቀጮ ናት።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። የሳይንስ መምህሩ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሩና ለአራት ቀን እንደ ጥንት የሰው ዘር እንዲኖሩ አዘዟቸው። ዳቦ የለም፣ ስኳር የለም፣ ጨውም የለም። የተፈቀደው ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ሥራ ሥር፣ እንቁላልና እሳት ላይ የተጠበሰ ሥጋ ብቻ ነው። ስልክ ይዘጋል፤ የሚተኛውም መሬት ላይ ነው። ሁሉም ደብተሩ ላይ ምን እንደበላ፣ መቼ እንደበላና ከማን ጋር እንደበላ ይጽፋል። አርብ ጠዋት ጥንዶቹ አንዳቸው የሌላውን ደብተር «እውነት ነው» ብለው ፈርመው ያስረክባሉ።

ከጉንጮ ጋር የተጣመረችው ቀጮ ሕጉን አጥብቃ ያዘች። መንጋጋዋ እስኪዝል ጥሬ ካሮት ቆረጠመች፤ ጎኗ እስኪታመም ምንጣፍ ላይ ተኛች። ብታጭበረብርም የሚያውቅባት አልነበረም። እናቷ ለሥራ ርቃ ከሄደች ስምንት ወር ሆኗታል። አባቷ ብረት በያጅ ነው፤ ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። የት እንደሚውል አይነግራትም፣ እሷም አትጠይቀውም። ከድናለት የምትተኛውን ሳህን ቆሞ ይበላ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ግን ሳህኑ እንደተከደነ ያድራል። ቤቱ ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም። ስልኳን ከዘጋች ወዲህማ ሆዷ ባር ባር ይላታል።

ስለዚህ ጉንጮን አፏን በዳቦ ሞልታ ስታያት ደሟ ፈላ።

«አልፈርምልሽም» አለቻት።

ጉንጮ የጎረሰችውን እንደምንም ዋጠችና ለመነቻት። ሦስት ቀን ችላ ነበር፤ በአራተኛው ግን ራሷን አዞራት። ቀጮ ፍንክች አላለችም። ይሄኔ ጉንጮ የቀጮን ደብተር ከእጇ ቀማቻትና «ከማን ጋር» በሚለው ዓምድ ላይ ጣቷን ወደ ታች አወረደች። ሰኞ እራት፣ ከአባቴ ጋር። ማክሰኞ እራት፣ ከአባቴ ጋር። ረቡዕም እንደዚያው።

«አባትሽ እኮ ከሰኞ ጀምሮ የኛን የግቢ በር እየሠሩ ነው» አለች። «እራታቸውንም ከኛው ጋር ነው የሚበሉት። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለቻት። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሁለቱም አልሳቁም።

ሳህኑ ለምን ሳይነካ እንደሚያድር ቀጮ አሁን ገባት። ይሄ ከዳቦው ይልቅ አንገበገባት፤ አባቷ ለካ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ መብላት ያውቅበታል። እሷም ብትሆን መዋሸት ፈልጋ አልነበረም። «ብቻዬን» የሚለውን ቃል በገዛ እጇ መጻፍ አሳፍሯት ነው።

ቤት ገብታ ደብተሯን ዘረጋች። ሦስቱንም መስመር ሰረዘችና በየጎናቸው «ብቻዬን» ብላ ጻፈች። የሐሙስን ባዶውን ተወችው። ከዚያ ከሰል አቀጣጥላ ስኳር ድንች ጠበሰች፣ በጨርቅ ጠቀለለችና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጉንጮ ቤት ሄደች።

አባቷ በሩ ሥር ተንበርክኮ ይበይዳል። ብልጭታው እስኪቆም ፊቷን አዙራ ጠበቀች። ጭምብሉን ከፍ ሲያደርግ አያትና ደነገጠ።

«ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ካንተ ጋር እራት ልበላ ነው የመጣሁት። ጨው ግን የለውም።»

አባቷ ጓንቱን አወለቀ፣ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ አቧራውን ጠረገላትና «ቁጭ በይ» አላት። እሱም መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ድንቹን ሲገምጥ አፉን አቃጠለው፤ ቢሆንም አልተፋውም።

ጉንጮ ከቤት ብቅ ብላ በረንዳው ላይ ቆመች። ልቅረብ አልቅረብ እያለች ነበር። ቀጮ ድንች ዘረጋችላት።

«ዳቦዋን ደብተርሽ ላይ ጻፊያት፤ ያኔ እፈርምልሻለሁ» አለቻት። «አንቺም የኔን ስርዝ አይተሽ ትፈርሚያለሽ።»

ጉንጮ ድንቹን ተቀብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀጮ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስክሪብቶዋን አወጣች። የሐሙስን መስመር ግን ወዲያው አልሞላችውም፤ አባቷ ሁለተኛውን ድንች እስኪያነሳ ጠበቀች።