ፈረስ አልብሶ የሄደው ገዳይ

ክሳቨር ፕሎህ የተገኘው በገዛ ሰረገላው ውስጥ ነው። ቪየና፣ የጀግኖች አደባባይ፣ በኅዳር ጭጋጋማ ማለዳ፣ ልክ ከመስፍን ካርል ሐውልት ሥር። ከላይ የነሐሱ ፈረስ በሁለት እግሩ ቆሟል፤ ከታች ባለጋሪው ተዘርሯል።

ፊቱ ፊት አልነበረም። አንድ ሰው በብረት ደጋግሞ ቀጥቅጦታል። አንደኛው ዓይኑ ከቦታው ወጥቷል፤ ጥርሶቹ ቀዩ ወንበር ላይ ተበትነዋል። ደሙ በበሩ ሥር ሾልኮ ድንጋዩ ላይ ረግቷል። ውሻዋን ልታናፍስ ወጥታ ያገኘችው ሴትዮ ከአጥሩ ጥግ ሆና ታስታውካለች።

ኢንስፔክተር ኢርምጋርድ ሾበር ሬሳውን አየችና ወደ ፈረሶቹ ዞረች። አንዱ ዳማ ነው፤ ሌላው ነጭ፣ ያረጀ አምባላይ። ሁለቱም ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሰዋል፤ ማሰሪያው ደረታቸው ሥር ተቆልፏል። የአምባላዩን ገለጥ አድርጋ ስታይ ጎኑ በአለንጋ ተተልትሏል። ቁስሉ ላይ ቅባት ተቀብቷል።

«አትድከሚ፤ ሰውየው ተይዟል» አላት አለቃዋ ዲትማር ኮላር። «ኔርሚን የሚባል ቦስኒያዊ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ቱሪስት ያዞራል። ትናንት እስጢፋኖስ ካቴድራል ፊት በቦታ ተጣልተው የሟቹን ጆሮ ነክሶታል። ሸሚዙ ላይ ደም አለ።»

«የትናንቱ ፀብ ደም ነዋ።»

«ለኔ ደም ደም ነው። ዛሬ ማታ ክሱን እመሠርታለሁ። ፈረሶቹንም ለሟቹ ሚስት መልሱላት፤ እኔ ጋጣ የለኝም።»

ኔርሚን ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ እጁ በካቴና ታስሮ ጠበቃት።

«ገድለኸዋል?»

«ብችል ትናንት እገድለው ነበር። እናቴን ሰድቧታል።»

«ፈረሶቹን ለምን አለበስካቸው?»

«የምን ፈረስ? እትዬ፣ እኔ ፈረስ ሳይ መንገድ የምሻገር ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ አንዱ ረግጦ ጎድኔን ሰብሮኛል።» የታሰረ እጁን ዘረጋላት። «ሚስቴ ዛሬ ነገ ትወልዳለች፤ ብቻዋን ናት። ልጄ እኔን የሚያየኝ ጺም ካበቀለ በኋላ ሊሆን ነው?»

ሾበር አመነችው። ግን እሷ ስላመነችው የእስር ቤት በር አይከፈትም። ማታ ሳይደርስ ትክክለኛውን ሰው ካላመጣች ኔርሚን አለቀለት።

ሰው ቀጥቅጦ የገደለ ይሮጣል። ይሄኛው ግን ቆሟል። ላብ ያጠመቃቸው ፈረሶች ጭጋግ ሳንባቸውን እንዳይመታቸው ብርድ ልብስ ፈልጎ አልብሷል፤ በደም እጁ ማሰሪያውን ቆልፏል። ይሄ የባለጋሪ ሥራ ነው። የቪየና ባለጋሪ እናቱ ብትሞት እንኳ ያላበው ፈረስ ራቁቱን ትቶ አይሄድም።

እስጢፋኖስ ካቴድራል ፊት ባለጋሪዎቹ ክብ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። ወፍራሙ ሩዲ ሃይንድል ቀድሞ አያት።

«እመቤቴ፣ ለመዞር ከሆነ ተራው የኔ ነው። ለመጠየቅ ከሆነ ተራው የማንም አይደለም።»

«ፕሎህን ማን ይጠላው ነበር?»

«እዚህ የቆምነው በሙሉ። ፈረሶቹም ጭምር።»

«አንተ ግን ከሚስቱ ጋር ነበርክ ይባላል።»

«ነበርኩ። ዛሬ ንጋት ላይም እሷው ጋ ነበርኩ፤ ጎረቤቶቿን ጠይቂ፣ እነሱ እንደሆነ እንቅልፍ የላቸውም።» ባለጋሪዎቹ ሳቁ።

ከሰልፉ ዳር አሎይስ ረዝኒቸክ ብቻ አልሳቀም። ሽማግሌ ነው፤ ጎንበስ ብሎ የፈረሱን ሰኮና ይጠርጋል። ሾበር አንድ በአንድ ቃኘቻቸው። ከነዚህ ሰዎች በጥያቄ ምንም እንደማይወጣ ገብቷታል።

«ለነገሩ ገዳዩ ከእናንተ አይደለም» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ፈረሶቹን በላባቸው ራቁታቸውን ጥሏቸው ነው የሄደው። አምባላዩ ሳንባው ተመቷል። ከዛሬ አያልፍም።»

ሩዲ ምራቁን ጢቅ አደረገ። «እጁ ይቆረጥ።»

«ምኑ ሰው ነው እሱ» አለ ሌላው።

አሎይስ ቀና አለ። ፊቱ ቀልቷል።

«ውሸት ነው። ተሸፍነው ነበር። ደረታቸው ሥር በእጄ ቆልፌዋለሁ።»

ሩዲ ባርኔጣውን አወለቀ።

ፖሊስ ጣቢያ ገብተው ሲቀመጡ አሎይስ ራሱ ጀመረ።

«አምባላዩ፣ ብሩኖ፣ የኔ ፈረስ ነበር። ጉልበቴ ሲደክም ነው ለፕሎህ የሸጥኩት፤ ሲያረጅ መስክ ላይ ሊለቀው ቃል ገብቶልኝ። ዛሬ ንጋት ላይ በአደባባዩ ሳልፍ ሲገርፈው ደረስኩ። ተው አልኩት። 'ምን አገባህ፣ ሰኞ ለፈረስ ሥጋ ቤት ነው' ብሎ ሳቀብኝ። ከመቀመጫው ሥር የመንኮራኩር መፍቻዋን አነሳሁ። አንዴ ስመታው ሰረገላው ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ተከትዬው ገባሁ።»

«ጮኸ?»

«እሱ ጮኸ። እኔ ፈረሶቹ እንዳይደነግጡ ድምፄን አላሰማሁም።»

ሾበር የቃል መቀበያውን ወረቀት ወደ እሱ ገፋች። «ሌላ ሰው በርስዎ ፋንታ መታሰሩን ያውቁ ነበር?»

«ሰምቻለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ሚስቱ ልትወልድ ነው። ቃልዎን ይፈርሙ።»

«እፈርማለሁ። መጀመሪያ ግን ብሩኖ የት እንዳለ ንገሪኝ። መስክ ካልሄደ ሁሉንም እክዳለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ቀባጠርኩ እላለሁ። ባልንጀሮቼም አይመሰክሩብኝም፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ማስረጃ የለሽም።»

ሾበር ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለፕሎህ ሚስት ደወለች።

«የባሌን ደም ያየ ፈረስ ግቢዬ አያድርም» አለች ሴትዮዋ። «አምባላዩን ረፋዱ ላይ መጥተው ወሰዱት።»

«እነማን?»

«ሥጋ ቤቶቹ ናቸዋ።»

ወደ ሥጋ ቤቱ ስትደውል ከበስተጀርባ መጋዝ ይጮኻል። «ነጩ?» አለ ሰውዬው። «እሱማ አልቋል።»

ስልኩን ኪሷ ከትታ ተመልሳ ገባች። አሎይስ ከወንበሩ ተነሳ።

«እሺ ልጄ፣ የት ነው?»

«ባደን አካባቢ፣ መስክ ላይ። ሣር ሲበላ ነው ያሉኝ።»

«በኅዳር የምን ሣር?»

«ድርቆሽ ማለቴ ነው።»

ትኩር ብሎ አያት። ሾበር ዓይኗን አልሰበረችም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ እንባው በጉንጩ ወረደ።

«ጥርስ የለውም እኮ» አለ። «ድርቆሹን በውኃ ያርሱለት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

አሎይስ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ። ኔርሚን ሳይመሽ ቤቱ ገባ።